ሽማግሌ የተላከበት ሆኪ

ባለፈው ወር ጉልበቴ አላስተኛ አለኝና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። የራጁን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝ አድርጋ አየችና፣ «ይሄ እርጅና ብቻ አይደለም፤ ድሮ ምን ዓይነት ስፖርት ይጫወቱ ነበር?» አለችኝ። ሆኪ ነው አልኳት። «በሣር ላይ?» አለች። በበረዶ ላይ ነው ስላት የቀለድኩ መስሏት ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ አፈረች።

አልፈርድባትም። የገዛ ልጆቼም አያምኑኝም። ሐበሻና በረዶን ምን አገናኛቸው? እኛ የምናውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው እንጂ ሰው ቆሞ የሚሮጥበትን አይደለም። እኔ ግን በአሥራ ሰባት ዓመቴ ደመወዝ የሚቆረጥለት የሆኪ ተጫዋች ልሆን የቀረኝ የአንድ አዛውንት ጣልያን ፊርማ ብቻ ነበር። አሎራ፣ እንግዲህ፣ ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

እናቴ ፀሐይ ክልስ ነበረች። አባቷ በጣልያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ጣልያን ሲወጣ እሱም ወጣ፤ ልጄ ናት ብሎ ስሙን አልሰጣትም። አያቴም እንደ ብዙ ቢጤዎቿ ልጇን በገዛ አባቷ ስም አስጠራቻት። እናቴ አድጋ እዚያው አዲስ አበባ አንድ የጣልያን ቤተሰብ ቤት ትሠራ ነበር፤ ደርግ ንብረታቸውን ሲወርስባቸው እሷንም ይዘው ሮም ገቡ። አባቴንና እኔን ልታስመጣ ነበር አሳቧ። አባቴን አንድ ጠዋት ቀበሌ ጠራው፤ እንደወጣ ቀረ። እኔ ብቻዬን መጣሁላት።

እናቴ «ፊሳ» ነበረች፤ ማለትም ከምትሠራበት ቤት ነው የምታድረው። ዕረፍቷ በሮም እንዳለች ሠራተኛ ሁሉ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እሑድ የእኔ ናት፤ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከአገር ሰዎች ጋር እንቆማለን፣ ከወረቀት ላይ ትኩስ ፒሳ እንበላለን። ሐሙስ የራሷ ነበረች፤ የት እንደምትውል ጠይቄያት አላውቅም። ልጅ እናቱ ከእሱ ውጪ ሕይወት ያላት አይመስለውም። እኔ የምኖረው ከጋሽ ዘርአይ ጋር ነበር። ጋሽ ዘርአይ አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛም ጣልያንኛም እንደ ውኃ የሚጠጡ ካቶሊክ ሰው ናቸው። የአንድ ትልቅ ሕንጻ በር ጠባቂ ስለነበሩ ከደረጃው ሥር አንዲት ክፍል ተሰጥቷቸዋል፤ ከዚያችው ላይ ለእኔ የአልጋ ቦታ ከፈሉልኝ።

ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ የበረዶ መንሸራተቻ ነበረ። አሁን ፈርሶ ሱፐርማርኬት ሆኗል። መጀመሪያ የገባሁት ለስፖርት ብዬ ሳይሆን የሮም ሐምሌ ስለጠበሰኝ ነው፤ ውስጡ ከፍሪጅ ይቀዘቅዛል። እዚያ ሆኪ የሚያሠለጥን ያን የሚባል የቼክ ሰው ነበር። እሱም እንደኛው የሶሻሊስት መንግሥቱን ሸሽቶ ነው የመጣው፤ ሁሉም «ሚስተር» ነው የሚሉት። አንድ ቀን ዱላ አንስቼ ዲስኮ የሚሉትን ጥቁር ጎማ ስመታ አየኝና ይህን የት ተማርክ አለኝ። ጉለሌ ሜዳ ላይ ለገና ሰሞን ሩር ስንለጋ ነው ያደግነው ብዬ በስንት ጭንቅ አስረዳሁት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውንም ተረጎምኩለት። ሚስተር ራሱን ነቀነቀና፣ «እዚህ ግን ይቆጣሉ» አለኝ።

እጄ ያውቃል፤ እግሬ ግን አያውቅም ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ስወድቅ ስነሳ ከረምኩ። እናቴ እሑድ እሑድ የተላላጠ ክርኔን እያየች፣ «ሰው ይጠፋል ብዬ ከቀበሌ ባስጥልህ አንተ ራስህን ልትገድል ነው?» ትለኝ ነበር። ያም ሆኖ በሦስተኛው ዓመት ሮም ውስጥ የሚቀድመኝ አልነበረም። ሮም ውስጥ ሆኪ የሚጫወተው ሰው ምን ያህል ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ።

በዚያ ነሐሴ ሚስተር ቀድሞ ይጫወትበት ወደነበረ ክለብ ይዞኝ ሄደ። አገሩ ሩቅ ሰሜን ነው፣ ተራራ ሥር፤ ባቡሩ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሄደው። ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኙ የፖም እርሻ ነው፤ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ሰዎቹ ጣልያን አገር እየኖሩ የሚያወሩት ጀርመንኛ ነው፤ እኔ በሮም አነጋገር ጣልያንኛዬን ስለው ሳቃቸው ይመጣል። ፍልሰታ ስለነበረ ቅቤውንም ወተቱንም የተጨሰውንም ሥጋ እምቢ አልኩ። ወጥ ቤቷ ሴትዮ የታመምኩ መስሏት ድንች በጎመን እየቀቀለች በትልቅ ሳህን ታቀርብልኝ ነበር። በድንች ብቻ ሁለት ግብ አገባሁ። የወዳጅነት ግጥሚያ ነው፣ ግን ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም፤ ከዚያ በኋላ ያን ያህል ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያ ሕጉ መጣ። አንድ ክለብ ማሰለፍ የሚችለው ሁለት ስትራኒየሮ፣ ሁለት የውጭ ዜጋ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ቦታ ካናዳውያን ይዘውታል። ከነሱ ሌላ ደግሞ ሦስት ካናዳውያን አሉ፤ እነሱ ግን አያታቸው ጣልያን ስለሆነ እንደ ጣልያን ይቆጠራሉ። አንደኛው ከጣልያንኛ የሚያውቀው የምግብ ስም ብቻ ነው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ይህን ሲያጫውቱኝ፣ «እኔም እኮ ጣልያን አያት አለኝ» አልኩ ለጨዋታ። የክለቡ ጸሐፊ ግን አልሳቀም። በሕይወት አለ ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። እንግዲያው ፈልገው፤ ኮሙኔ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ቀርቦ ወይም በሕግ ሰው ፊት እናትህን ልጄ ናት ብሎ ከፈረመላት እሷም አንተም ጣልያን ትሆናላችሁ፤ ግን አሥራ ስምንት ሳይሞላህ መሆን አለበት አለኝ። አሥራ ስምንት የሚሞላኝ ጥቅምት ላይ ነበር።

ሆኪ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የተማሪ ነው፤ አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ያልቃል። አገር ቤት ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ እኩዮቼን እያፈሱ ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ይልኳቸዋል። ያቺ ፊርማ ክለቤም፣ መኖሪያዬም፣ ነፍሴም ነበረች።

እሑድ ለእናቴ ነገርኳት። የፒሳዋን ወረቀት አጣጠፈች። ከዚያ፣ «የት እንዳለ አውቃለሁ» አለችኝ። «ኦስቲያ ነው። ባሕሩ ዳር ቡና ቤት አለው። ኤቶሬ ይባላል።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሰው ነገረኝ» አለችና የነጠላዋን ጫፍ ታስተካክል ጀመር። ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ እኔ በሰማይ ያለች ላሜ በባቡር የሚደረስባት መሆኗን ያን ቀን አወቅኩ።

ክለቡ ሮም ያለ ጠበቃውን እሰጣችኋለሁ አለ፤ ጠበቃው ወረቀቱን አዘጋጅቶ አብሯችሁ ይሂድ፣ ሰውዬው እሺ ካለ እዚያው ይፈርም። ጋሽ ዘርአይ ይህን እናቴ ወደ አባቷ ልትልካቸው ለመረጠቻቸው ሽማግሌዎች አቀረቡ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ራሳቸው ጋሽ ዘርአይ፣ የጎንደሩ አቶ ልሳኑ፣ እንዲሁም አባ ፍሥሐ የሚባሉ ቄስ። አቶ ልሳኑ ሰምተው ሲያበቁ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ወረቀትና ጠበቃ ይዞ የሄደ ሽማግሌ አይባልም፤ ከሳሽ ይባላል» አሉ። «ሰውዬው አባት ነው። አባትን ነው የምንለምነው።»

«መጀመሪያ ቃሉን እንቀበል» አሉ አባ ፍሥሐም። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ሽማግሌ ፊት እሺ ያለ ሰው የት ይሄዳል?»

ጋሽ ዘርአይ ጣልያኖችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈት አድርገው እናቴን አዩዋት። እናቴ፣ «እንደ ደንቡ ይሁንልኝ» አለች። የደንብ ልጅ አይደለሽም ሲሏት ላደገች ሴት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጋሽ ዘርአይም ተስማሙ፤ ጠበቃው ቀረ።

መስቀል በዋለ በሳምንቱ እሑድ ወደ ኦስቲያ ሄድን። ሦስቱም ከሙሉ ልብሳቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበዋል፤ ባቡሩ ውስጥ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩናል። የባሕር ዳር ወቅት አልፏል። ጥላዎቹ ተጣጥፈው ተከምረዋል፤ አሸዋው እርጥብ ነው፤ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ብቻ ቀርቷል። እናቴ በደንቡ መሠረት አብራን አትገባም፤ መንገድ ማዶ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እኔን «የነገሩ ባለቤት ይታይ» ብለው አስከተሉኝ።

ኤቶሬ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ሎሚ ይቆርጣል። ረጅም ሽማግሌ ነው፤ እጁ ትልልቅ ነው። ሒሳብ ተቀባይዋ ልጁ ማሪዛ ናት። የታችኛውን ከንፈሯን እንደ እናቴ ትነክሳለች። ማሪዛ ተቀመጡ አለችን። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። ምን ልታዘዝ አለች። ምንም አሉ። በእኛ ደንብ የመጡበት ነገር ሳይፈጸም አይቀመጡም፣ አፋቸውም ምንም አይነካም። ያኔ የአገራችን ድርቅ በየቴሌቪዥኑ የሚታይበት ጊዜ ነበርና ልጅቱ ለተራቡት የሚለምኑ መሰሏት፤ ካዝናውን ከፍታ ብር አወጣች። አቶ ልሳኑ ፊታቸው ተለዋወጠ። ጋሽ ዘርአይ በዚያ በጥንቱ ጣልያንኛቸው፣ «ሲኞራ፣ የመጣነው አባትዎን ለመለመን ነው፤ የምንለምነው ግን ገንዘብ አይደለም» አሏት።

ያን ጊዜ ኤቶሬ ቢላዋውን አስቀመጠ። ጋቢውን አየ፤ ቁመታቸውን አየ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ሽማግሌ?» አለ።

ሁላችንም ደነገጥን። አማርኛው ዝጓል፤ ግን አማርኛ ነው። አባ ፍሥሐ ቀስ ብለው፣ እያረፉ ነገሩት። የሴቲቱን ስም፣ ጋራዡ የነበረበትን ሰፈር፣ ልጅ መወለዷን፣ ልጅቷም አድጋ እዚሁ ሮም መኖሯን። እኔን ወደ ፊት ገፋ አደረጉኝና፣ «ይህ የልጅ ልጅዎ ነው። ስሙን እንዲያገኝ ነው የመጣነው» አሉት። ኤቶሬ ትክ ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውኃ ያዘለ መሰለኝ፤ ወይም የሎሚው ነው።

«ያኔም ሦስት ሽማግሌ መጣ» አለ። «አባቷ ላከ። ቆሙ። አልቀመጥም አሉ። እኔ እሺ አልኩ።» የአያቴን አባት ማለቱ ነው፤ ይህን ብሎ ሳቅ አለ። ሽማግሌዎቹም ደስ ብሏቸው ሳቁ፤ ደንባችንን ያውቃል አሉ። ያንን እሺ ተከትሎ የመጣውን የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም፤ እናቴ በአያቷ ስም የምትጠራው ለምን ሆነና? ግን ደስታ ላይ ያለ ሰው ይህን አያስብም። እኔም አላሰብኩም። እኔ በረዶው ላይ ነበርኩ።

ማሪዛ፣ «ምን ፈለጉ፣ ፓፓ?» አለችው በጣልያንኛ።

«የድሮ ወዳጆች ናቸው፤ ሰላምታ ይዘው መጡ» አላት። ከዚያ ወደኛ ዞሮ፣ «እሺ። ሰኞ ኮሙኔ እመጣለሁ። ተቀመጡ» አለ።

ተቀመጡ። አራንቻታ፣ የብርቱካን ለስላሳ፣ ቀረበ፤ ጠጡ። አባ ፍሥሐ ቆመው መረቁት፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ልጅዎ እዚሁ ውጭ ናት እንጥራት ወይ ሲሉት፣ «ሰኞ» አለ። ሮጬ ወጣሁና ለእናቴ እሺ አለ አልኳት።

«ቁጭ አሉ?» አለችኝ።

«ቁጭ አሉ።»

«ጠጡ?»

«ጠጡ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ስትስቅም ስታለቅስም አንድ ላይ አይቻት የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ኮሙኔው በር ላይ ቆምን። እናቴ ከሲኞራዋ አስፈቅዳ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጠጉሯን ተሠርታለች። ጠበቃው ወረቀቱን ይዞ መጥቷል። ትራም በመጣ ቁጥር ሁላችንም ቀና እንላለን። ምሳ ሰዓት አለፈ። ባቡር ተበላሽቶበት ይሆናል አሉ አቶ ልሳኑ። በኋላም እንግዲህ ትልቅ ሰው ነው፣ አሞት ይሆናል አሉ። ቢሮው ሲዘጋ ጠበቃው ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተና፣ «ለምን ያኔ አልጠራችሁኝም?» አለ። ኤቶሬ «እሺ፣ ነገ» ማለትን ከእኛው ተምሯት ሄዷል፤ ይህን ለጠበቃው ምን ብለን እናስረዳው።

በማግሥቱ ጋሽ ዘርአይ ብቻቸውን ኦስቲያ ሄዱ። ማሪዛ ከበር ወጥታ አባቴ አይፈልጋችሁም፣ ዳግም ብትመጡ ካራቢኒየሪ፣ ፖሊስ፣ እጠራለሁ አለቻቸው። ኤቶሬ ከኋላዋ ቆሞ ብርጭቆ ይወለውል ነበር፤ ቀና ብሎም አላያቸው። ጋሽ ዘርአይ ቤት ሲገቡ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱ። «በዚህ ዕድሜዬ ተዋረድኩ» አሉኝ። ፍርድ ቤት እንሂድ ወይ ብለን ጠበቃውን ጠየቅነው፤ ዓመታት ይፈጃል አለን። ጥቅምት ገባ። የልደቴ ቀን ዝናብ ነበር። በሳምንቱ ሚስተር መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝና ቦታህን ለሌላ ሰጡት አለኝ። ተናድጄ አልጮህኩም። ደንዝዤ ነበር።

ከዚያ ያለው አጭር ነው። ወደ አገር መመለስ ሞት ስለሆነ ፔርሜሶዬን በቤት ሠራተኛነት አስቀየርኩና እንደ እናቴ አዳሪ ሠራተኛ ሆንኩ፤ የአንድ ጡረታ የወጡ ጄኔራል ጫማ ስወለውል ሁለት ክረምት አለፈ። ቆይቶ ሕጉ ላላ ሲል ሰሜን አንድ የታችኛው ምድብ ክለብ ወስዶኝ ጥቂት ተጫወትኩ፤ ጉልበቴ ተሰበረ፣ አለቀ። የበረዶ ላይ ሥራዬ ይኸው ነው።

ጄኔራሉ ቤት ስገባ ግን እኔም ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍት አገኘሁ። ወደ እናቴ ሄድኩ። ሲኞራዋ ወጥታለች፤ እናቴ ብቻዋን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ዛሬ እኮ ዕረፍትሽ ነው፣ ለምን አትወጪም አልኳት።

«የት እሄዳለሁ?» አለችኝ።

«ድሮ የምትሄጂበት።»

ካውያውን አቆመች። «ድሮ ኦስቲያ ነበር የምሄደው» አለች። «ሮም ከገባሁ ጀምሮ። አያትህ የነገረችኝን ስም ይዤ ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁት። ሐሙስ ሐሙስ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፤ አንድ ካፑቺኖ አዛለሁ፤ ራሱ ያመጣልኛል። ሲበርድ ዛሬ ብርድ ነው ሲኞራ ይለኛል። አንዳንድ ቀን ብስኩት ይጨምርልኛል። ማን መሆኔን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ይበቃኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አልሄድሽም አልኳት።

«አንዴ ሄድኩ። ከዚያች ሰኞ በኋላ ባለችው ሐሙስ። ሲያየኝ ገባው መሰለኝ፤ ወደ ጓዳ ገባ። ካፑቺኖውን ማሪዛ አመጣችልኝ። ጠጥቼ ወጣሁ።» ይህን ብላ ካውያውን አነሳች።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። እስክታርፍ ድረስ ሐሙስ ከሰዓት ከቤት አልወጣችም። ሲኞራዋ፣ «ፀሐይ እንዴት ያለች ታማኝ ናት፤ ዕረፍቷን እንኳን አትወስድም» እያለች ለእንግዳ ታወራላት ነበር። ዛሬ እኔ የጣልያን ፓስፖርት አለኝ፤ የረጅም ዓመት ነዋሪ ነህ ብለው ሰጡኝ፤ የማንም አያት ፊርማ አላስፈለገውም። ሰዎች ሆኪው አይቆጭህም ወይ ይሉኛል። ይቆጨኛል እንጂ። ግን እኔ ያጣሁት ክለብ ነው፤ ክለብ ሞልቷል። እናቴ ያላት አባት በሳምንት አንድ ሲኒ የሚያህል ነበር፤ እሱንም ሽማግሌ ልከን አስወሰድንባት።